ክርክር፦ መሬቱን የያዘው ገበሬ የመሬት ሕግ ሲረቀቅ ወንበር ይገባዋል ወይ?

ባለ እርፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ተነስቶ ሳይቋጭ ያደረ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ በወጉ እንከራከርበት። የገጠር መሬት ባለይዞታዎች ከቀበሌም ከፓርቲም ውጭ የሆነ የራሳቸው ማህበር ኖሯቸው፣ የመሬት አስተዳደር፣ የካሳና የመሬት ግብር ሕግ ሲወጣ ገና ከረቂቁ ጀምሮ መሳተፍ አለባቸው ወይስ የለባቸውም?

እኔ አለባቸው ባይ ነኝ። ነጋዴው የንግድ ምክር ቤት አለው፣ ሠራተኛው ኢሠማኮ (የሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽኑ) አለው። ገበሬው ግን ስለ መሬቱ አቤት የሚለው መሬቱን ሊወስድበት ለሚችለው መሥሪያ ቤት ነው። ያየሁትን ልንገራችሁ። በእኛ ቀበሌ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ አለ ተብሎ ሰው ተጠራ። ስም፣ ዕድሜ፣ ፊርማ የሚል የተሰመረ ወረቀት ዞረ፤ አናቱ ላይ ስለ ምን እንደሆነ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አባቴ መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከአራት ወር በኋላ የጋራ ግጦሹ ለፕሮጀክት ተሰጠ። ለምን ብዬ ፋይሉን ሳስከፍት «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ያው ወረቀት ተያይዟል። የአባቴ አውራ ጣት ከነቀለሙ እዚያ አለ።

ሰነድ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ «ባለይዞታ» ካልከው ቃል እንጀምር። በእኛ አገር የመሬት «ባለቤት» የሚባል ገበሬ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(3) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ባለይዞታ ነው። ይህ ልዩነት ክርክሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ ባለቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ንብረቴ ነው ይላል፣ ባለይዞታ ግን መብቱ የሚሰፋውም የሚጠበውም በአዋጅ ነው። ስለዚህ አዋጁ ሲጻፍ እዚያ መገኘት ለእሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ደግሞም አንቀጽ 43(2) ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። የ2001ዱ የሲቪል ማህበራት አዋጅ 621 ነገሩን አጥብቆት ነበር፤ በ2011 የወጣው 1113 ግን ማህበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ በግልጽ ፈቅዷል። በር የዘጋው ሕጉ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1997 በወጣው በአዋጅ 455 ለዘለቄታው የተፈናቀለ ገበሬ የሚከፈለው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። በ2011 አዋጅ 1161 ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳደገው፤ መነሻውንም ባለፉት 3 ዓመታት ያገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አደረገው። ጥሩ ነው። ግን 15 የሚባዛው በምንድን ነው? በሄክታር ስንት ኩንታል፣ ኩንታሉ በስንት ብር በሚለው መረጃ ነው። መረጃውን የሚያጠናቅረው የመንግሥት ወገን፣ ገማቹም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ወገን ነው። ገበሬው የራሱ የዋጋ መዝገብ የለውም። ዋጋው አንድ ዓመት ያረጀ ከሆነ 15 እጥፉም አብሮ ያረጃል። እኔ ከማህበር የምጠብቀው ሰልፍና መፈክር አይደለም፤ በየገበያው ቀን የጤፉንና የበቆሎውን ዋጋ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
እኔ እቃወማለሁ። ምክንያቴም የራሳችን ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ባለመሬቱ ማህበር አላስፈለገውም፤ ፓርላማው የእሱ ነበርና። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለመምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ቀረ። «መሬት ለአራሹ» የተባለው በ1957 ተማሪው አደባባይ ወጥቶ ነው፤ መልስ ያገኘው ከ10 ዓመት በኋላ መንግሥቱ ተገልብጦ ነው።

ወደ ውጭም እይ። በእንግሊዝ የባለመሬቶች ማህበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ የገበሬዎቹም በዓመቱ። ረቂቅ በወጣ ቁጥር አንብበው በጽሑፍ አስተያየት የሚሰጡ ባለሙያዎች አሏቸው። በብራዚል የትልልቅ እርሻዎችን ጥቅም የሚያስጠብቀው የምክር ቤት አባላት ስብስብ ከኃያላኑ አንዱ ነው። የሚሰማው ድምፅ የማን ነው? ሰፊ መሬት ያለው ነው።

እና መሬት የሌለው የት ይቀመጥ? በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ (ካለው ቀንሶ ለሌለው መስጠት) የተደረገው ለመጨረሻ ጊዜ በ1989 ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ አግብቶ ወልዷል፤ የአባቱን ማሳ በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈለ፣ ያርሳል ወይ ከተማ ወርዶ ድንጋይ ይሸከማል። የባለይዞታዎች ማህበር ነገ «ሽግሽግ ይደረግ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን አሁኑኑ ልነግርህ እችላለሁ።

ባለ እርፍ፦
የመጨረሻው ነጥብህ ይከብዳል፣ አልክድም። ነገር ግን እንግሊዝን ካነሳህ አንዱን ጨምር። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የግብርና ሕግ መንግሥት የምርት ዋጋ ሲከልስ የአምራቾችን ተወካዮች እንዲያማክር አስገድዷል። ማማከሩ በባለሥልጣኑ ደግነት አልተተወም። እኛም የጎደለን እሱ ነው። በህንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስት የግብርና ሕጎች ከገበሬው ጋር ሳይመከር ጸደቁ። ማህበሮቻቸው ከዴልሂ መግቢያዎች ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሰፈሩና በ2021 መጨረሻ ሕጎቹ ተሻሩ። አብዛኞቹ ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። የእኛም ገበሬ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ነው የሚያርሰው። የብራዚሉን ጌታ እዚህ አምጥተህ አታስፈራራን።

ከከተማ ዳር፦
እኔ ብዙ አልጽፍም። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በጥር 2008 ተሰረዘ። የተሰረዘው ግን በተቃውሞው ልጆች ከሞቱ በኋላ ነው። ገና በወረቀት ላይ ሳለ ገበሬው በማህበሩ በኩል «ይህ መስመር የእኔን ማሳ እንዴት ይቆርጠዋል?» ብሎ የሚጠይቅበት ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። የእኛ ቤት ከሦስት ወገን ተከቧል፤ የቀረን የጓሮው ባሕር ዛፍ ነው። ገማቾች መጥተው ሲቆጥሩ ከክንድ የቀጠነውን «ችግኝ» ብለው አለፉት። የሚከራከርልን አልነበረም።

ጋሽ ማህተም፦
ልጆቼ፣ ከእናንተ መሃል የገበሬ ማህበር ውስጥ የሠራ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጎጃም ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ማህተሙ በእኔ እጅ ነበር።

የገጠር መሬቱ አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ሲታወጅ በየ20 ጋሻው፣ ማለትም በየ800 ሄክታሩ፣ አንድ ማህበር ተባለ። የመጀመሪያው ዓመት የምር ነበር። መሬቱን ራሳችን በገመድ ለካን፣ ራሳችን አከፋፈልን፤ የድንበር ክርክሩን ራሳችን ዳኘን። ጭሰኛ የነበረ ሰው ተነስቶ ሲናገር ድምፁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በኋላ የመላው ኢትዮጵያ ገበሬዎች ማህበር የሚባል ከላያችን ቆመ። ከዚያ ወዲያ ወሬ ከታች ወደ ላይ መሄዱ ቀረ። ለመንግሥቱ የእህል ገዢ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ የሚገባው የእህል ኮታ ቁጥሩ ተጽፎ ይመጣል፤ እኔ «ማህበራችን በሙሉ ድምፅ ወስኖ» ብዬ እጽፍና ማህተሙን አሳርፋለሁ። ሠፈራውም፣ መንደር ምስረታውም፣ ለጦሩ ልጅ መመልመሉም እንደዚያው ነው። ኮታውን መሙላት ያልቻለ ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ሲያስረክብ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜያለሁ። ያ ሰው ጎረቤቴ ነበር።

በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾቹ የጋራ እርሻ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ስብሰባ የጠራ የለም፤ ሰው በሬውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በ1989 ሽግሽግ ደግሞ እኔና መሰሎቼ «ቢሮክራሲ»፣ የደርግ ዘመን ሹም ማለት ነው፣ ተብለን ከአራት ጥማድ በላይ አይገባችሁም ተባልን። ለአንዱ መንግሥት ማህተም ያዝኩ፣ በሌላው ልጆቼ ከፈሉ።

ስለዚህ ማህበር አታቋቁሙ አልልም። ማን እንደሚጠራው፣ ማህተሙ የት እንደሚያድር ሳትወስኑ ግን አትጀምሩ።

ባለ እርፍ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የአባቴ ጣት የታተመበት ወረቀትና የእርስዎ «በሙሉ ድምፅ» አንድ ዓይነት ነገር ናቸው ማለት ነው።

ሰነድ አንባቢ፦
የጋሼን ስጋት እጋራለሁ። ነገር ግን የተደራጀ ገበሬ ፖሊሲ ውስጥ ቦታ ያገኘበት ጊዜ አለ። በ1991 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አብቃዮች ዩኒየንና መሰሎቹ የአባሎቻቸውን ቡና ያለ ጨረታ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። በ2001 ቡና በምርት ገበያ በኩል ይሂድ ሲባልም ይህ መብት አልተነካባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያሳዩት ሥራ፣ የሚቆጥሩት ኩንታል፣ ውጭ አገር ገዢ ነበራቸው።

ቁጥር ወዳድ፦
እሱ የንግድ ጉዳይ ነው፣ መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ ያገኝበታል። የመሬት ይዞታ ሌላ ነው፤ እዚያ የገበሬው ጥቅምና የመንግሥት ጥቅም ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። የቡናውን ወደ ይዞታ አትጎትተው። የዋጋ መዝገቡን ሐሳብህን ግን ወድጄዋለሁ፤ እሱ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

የእናቴ ማሳ፦
ሁላችሁም «ገበሬው፣ ገበሬው» ስትሉ ወንድ እያሰባችሁ ነው። እናቴ የይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ከአባቴ ፎቶ እኩል ተለጥፏል። ደብተሩን ዳንቴል በለበሰ ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ እንግዳ ሲመጣ አውጥታ ታሳያለች። ስብሰባ ሲጠራ ግን የሚጠራው አባወራ ነው። አባቴ ከታመመ ወዲህ እንኳ «ልጅሽን ላኪ» ይሏታል። ማህበሩ አባል የሚመዘግበው በቤተሰብ ከሆነ እናቴ ደብተር ኖሯት ድምፅ አይኖራትም። በደብተሩ ላይ በሰፈረ ስም ይመዝገብ፤ ሁለት ስም ካለ ሁለት ድምፅ።

ከአዋሽ ማዶ፦
እህቴ፣ የአንቺን ጥያቄ እደግፋለሁ፣ ግን በደብተር ከተባለ እኛ የለንም። በእኛ ዘንድ አርብቶ አደር በስሙ የግጦሽ ደብተር የለውም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ሲቋቋም የወንዙ ዳር ለጥጥና ለሸንኮራ ተመራጭ ተባለ፤ ለእኛ ግን በበጋ ከብቱ የሚተርፍበት ብቸኛው ሣር ነበር። ሽማግሌ አንድም አልተጠየቀም። አሁን አንቀጽ 40(5) የግጦሽ መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶናል። በእኛ ልማድ ግን መሬቱ በጎሳ የተያዘ ነው እንጂ በግለሰብ አይደለም። ለእናንተ የሚሠራው ማህበር ለእኛ በሽማግሌዎች በኩል ካልሆነ ሌላ አፍ የሚናገርልን ሆኖ ይቀራል።

የእናቴ ማሳ፦
ልክ ነህ፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን ሽማግሌዎቹ ሴት ያካትታሉ?

ከአዋሽ ማዶ፦
አሁን አያካትቱም። ይህን እኔም ቤቴ ውስጥ እየተከራከርኩበት ነው።

ጋሽ ማህተም፦
እንግዲህ ልምዴን ልስጣችሁ፣ እንደወደዳችሁት አድርጉት። ሰብሳቢው ከመንግሥት ደሞዝ የሚበላ አይሁን፣ የቀበሌ ካቢኔም አይሁን። መዋጮው ከአዝመራ በኋላ ይሰብሰብ፤ በክረምት ገበሬ እጁ ላይ ብር የለም፣ የሌላ ሰው ገንዘብ የገባበት ማህበር ደግሞ የሌላ ሰው ይሆናል። ማህተሙ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አይደር። ሰብሳቢና ጸሐፊ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጡ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከአምስተኛው ዓመት ወዲያ «አይሆንም» ማለት እንደማልችል ራሴን አውቄዋለሁ።

ባለ እርፍ፦
ይህን ሁሉ ማታ ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ፊርማው ከማን ዘንድ ይቀመጣል?» አለኝ። ከእናንተው ዘንድ አልኩት። «እንግዲያው ከፊርማው በፊት ስለ ምን እንደተፈረመ ይጻፍበትና ይነበብልን» አለ። የመተዳደሪያ ደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ይህ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ቁጥር ወዳድ፦
በዚህ አንቀጽ እስማማለሁ፣ ለአባትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በእኩል የሚያርሰውና መሬት ያልደረሰው ወጣት አባል ይሆናል ወይስ አይሆንም? ከሆነ ስለ ሽግሽግ ድምፅ ይሰጣል ወይ? ይህ ሳይመለስ ስሜን አላስገባም። ነገ ከሥራ ስወጣ እመለሳለሁ፤ ሰነድ አንባቢ፣ ክልሎች ስለ ሽግሽግ ያወጡትን አንቀጽ ብታመጣልኝ።