ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት ውጭ አገር ኤግዚቢሽን ላይ ቢቆም ያዋጣዋል?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። ከወንድሜ ጋር የምንሠራበት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት አለን። ሁለት ጀልባና አንድ ሚኒባስ ነው ያለን። ሥራችን እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ጠዋት ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም። ከሰዓት ጢስ ዓባይ። ጊዜ ያለው እንግዳ ከመጣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ድረስ እንወስደዋለን።

ምክር የፈለግኩበት ጉዳይ ይሄ ነው። እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ወይ ለትልቁ ጀልባ አዲስ ሞተር እንገዛለን፣ ወይ የካቲት መጨረሻ አካባቢ በርሊን ላይ በሚካሄደው አይቲቢ የሚባል ትልቅ የጉዞ ንግድ ኤግዚቢሽን ከሌሎች ጋር ስታንድ (የማሳያ ቦታ) ተጋርተን እንቆማለን። ሁሉንም ወጪ ደምረን ስናየው፣ ኤግዚቢሽኑ እንደውም ከሞተሩ ይበልጣል።

ወንድሜ በርሊን ይሁን ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል። ፈረንጁ ጉዞውን የሚገዛው ከአገሩ ድርጅት ነው። ያ ድርጅት አዲስ አበባ ካለ አስጎብኚ ጋር ይሠራል። የአዲስ አበባው ለኛ ይደውላል። መጨረሻ ላይ እኛ ጋ የሚደርሰው የጀልባ ኪራይ ብቻ ነው። እንግዳው በኛ ጀልባ ሄዶ፣ በኛ አስጎብኚ ተመርቶ፣ የኛን ስም ሳያውቅ አገሩ ይገባል። ወንድሜ ይሄ ነው የሚያንገበግበው። «አንድ ጊዜ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት እንቀመጥ» ይላል።

እኔን የሚያስፈሩኝ ነገሮች አሉ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የኛ ገቢ በአብዛኛው ብር ነው። የስታንዱ፣ የሆቴሉና የቪዛው ክፍያ ግን በዩሮ ነው። ሌላውና ትልቁ ደግሞ የፀጥታው ነገር ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ብዙ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልላችን እንዳይጓዙ ያስጠነቅቃሉ። ገዢው ወዶንም እንግዳ መላክ ካልቻለ፣ በርሊን መቆማችን ምን ይጠቅመናል?

አሁን ቤታችንን የያዘልን የአገር ሰው ነው። ለንግሥ የሚመጡ ማኅበርተኞች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ለስብሰባ መጥተው ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁን ማየት የሚፈልጉ፣ ሙሽሮች፣ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ዲያስፖራዎች። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ደግሞ ዘጌ ላይ ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ ባለው መንገድ ትንንሽ የደንገል ታንኳና ሥዕል ዘርግተው የሚቀመጡትን ልጆች ሳይ ሆዴ ይባባል። እነሱ የሚጠብቁት የውጭ እንግዳ ነው። ለነሱም ስል ኤግዚቢሽኑን ዝም ብዬ መተው ከበደኝ።

እንዲህ ዓይነት ቦታ የቆማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በእርግጥ ውል ተገኘ? ስታንዱ ላይ የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ያለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ በርሊንም ለንደንም በአገራችን ፓቪሊዮን፣ ማለትም ለኢትዮጵያ በተያዘው የጋራ ማሳያ ቦታ ውስጥ ጠረጴዛ ተጋርቼ ቆሜ አውቃለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የኛ ፓቪሊዮን ሁሌም ሰው ይበዛበታል። ቡና ይፈላል፣ ሽታው ሰውን ከሩቅ ይጠራል። ስኒ ይዞ ይቆማል፣ ብሮሸር ይወስዳል፣ ቢዝነስ ካርድ ይሰጣል። ማታ ካርዶቹን ስትቆጥሪ ደስ ይልሻል። አገርሽ ገብተሽ ስትጽፊላቸው አብዛኞቹ አይመልሱም። ውል ያገኘሁባቸው ሰዎች በሙሉ፣ ከመሄዴ ከወራት በፊት በኢሜይል ቀጠሮ የያዝኩላቸው ናቸው። በመንገድ ሲያልፍ አይቶኝ ውል የፈረመ አላስታውስም።

እንግዲህ ይሄን አስቢ። ሥራው ያለው ቀጠሮው ላይ ከሆነ፣ ስታንድ ለምን ያስፈልግሻል? እንደ ጎብኚ ነጋዴ ትኬት ገዝተሽ መግባት ትችያለሽ። ወጪው ከስታንድ ጋር አይወዳደርም። ገዢዎቹ ባሉበት ሄደሽ ታነጋግሪያቸዋለሽ፣ ወይም ካፌ ትቀጣጠሪያለሽ። አይቲቢ ላይ ከ5,000 በላይ ድርጅቶች ናቸው የሚቆሙት። እዚያ መሃል አንድ ጠረጴዛ ይዘሽ ሦስት ቀን ቁጭ ማለት ለትንሽ ድርጅት ከባድ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ለነጋዴ ብቻ ሆኗል። ተራ ተጓዥ ስለማይገባ፣ ቀጥታ ለመንገደኛው እንሸጣለን ብላችሁ ከሆነ እሱም የለም።

ቪዛውንም አትርሺ። የአውሮፓ ህብረት በሚያዝያ 2016 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የስታንዱን ቀብድ ከፍለሽ ቪዛው ባይደርስ ብሩ አይመለስም። ሌላም ስጋት አለ። በፈረንጆቹ 2020 የኮቪዱ ጊዜ አይቲቢ የተሰረዘው ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔ ትኬትና ሆቴል ከፍለን ቁጭ ብለን የቀረን ብዙ ነን።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ናይሮቢ እሄዳለሁ። ማጂካል ኬንያ የሚባለው ኤግዚቢሽን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። በረራውም ቅርብ ነው። ምሥራቅ አፍሪካን የሚሸጡ ገዢዎች ከብዙ አገር ይመጣሉ። ችግሩ ለናንተ ያ ወቅት ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚታይበት፣ ሥራ የሚጀምርበት መሆኑ ነው። አንዳችሁ ቢሮ መቅረት ይኖርባችኋል።

ፍራንክፈርት

እኔ የምሠራው ከጠረጴዛው ማዶ ነው። እዚህ ጀርመን አፍሪካ ላይ የሚሠራ አነስተኛ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ነኝ። የትኛውን አገር፣ በየትኛው አስጎብኚ በኩል እንሽጥ የሚለው ሲወሰን አብሬ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ስታንድ ላይ ምን ይጠየቃል ላልሽው እኔ ብመልስ ይሻላል።

በአውሮፓ ህግ ጥቅል ጉዞ የሸጠው ድርጅት ነው ተጠያቂው። ጣና ላይ ጀልባ ቢገለበጥ ደንበኛው የሚከሰው እኛን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ስለ ገዳማቱ ውበት አይደለም። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ተሳፋሪ አለ? ጀልባው ኢንሹራንስ አለው? ፈቃዱ ታድሷል? ሞተሩ መሃል ላይ ቢቆም ማን ይደርሳል? ከዚያ ዋጋ ይመጣል። የሚቀጥለውን ወቅት በሙሉ የማይቀየር የተጣራ ዋጋ፣ ማለትም የኛ ትርፍ ያልተጨመረበትን፣ እንፈልጋለን። እንግዳ ቢሰርዝ ምን ያህል እንደሚመለስ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ኢሜይል ሲላክ ደግሞ በማግስቱ መልስ መምጣት አለበት። ብዙ ድርጅት የሚወድቀው እዚች የመጨረሻዋ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዝርዝር ይጠየቃል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ቀድሞ ያልነገረን አስጎብኚ ነበር። ሴቶቹ እንግዶቻችን ጀልባ ላይ ቀርተው፣ ቅሬታው እስካሁን ይነሳብናል። ጢስ ዓባይም እንደዚያው ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋው ይሳሳል። በየትኛው ወር ምን እንደሚታይ በግልጽ የሚጽፍ አስጎብኚ ካገኘሁ አምነዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ። የጉዞ ማስጠንቀቂያው እያለ እኛ ወደ አማራ ክልል ሰው አንልክም። የደንበኛው የጉዞ ኢንሹራንስ ላይሸፍነው ይችላል፣ ኃላፊነቱም እኛ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዘንድሮ ስታንድ ላይ ቆመሽ ብታገኚኝ ፈገግ ብዬ አነጋግርሻለሁ፣ ውል ግን አልፈርምም። ይሄን ስጽፍ ልቤ እያዘነ ነው። ባህር ዳር የልጅነቴ ከተማ ናት።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ማድረግ ትችያለሽ። ስለ ሁሉም ነገር ለሁሉም አትጻፊ። ወፍ ለማየት ሰው የሚያጓጉዙ፣ የቤተክርስቲያን ሥዕል የሚወዱ ተጓዦችን የሚይዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። ጣና በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ ባዮስፌር (ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ) ሆኖ ሲመዘገብ፣ የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ ትልቅ ድጋፍ አድርጓል። ስለዚህ የጣናን ስም የሚያውቁ ወፍ ወዳጆች እዚህ አሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ከሰሜኑ ብርድ ሸሽተው ፎገራ ሜዳ ላይ ስለሚያርፉት ስደተኛ ወፎች አንድ ጥሩ ገጽ ጽፈሽ ፎቶ ጨምሪበት። ለነዚህ ሰዎች ከስታንድ በላይ ይናገራል።

ጎንደር

ከላይ የጻፋችሁትን አከብራለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «ማስጠንቀቂያው ይነሳ፣ ከዚያ እንሄዳለን» ካልን ያኔ ዘግይተናል። ገዢዎች ቀድመው ነው የሚያቅዱት። መንገዱ በተከፈተ ቀን የሚታወስ ስም ያለው፣ በክፉው ጊዜ ሳይጠፋ የቆየ ነው። እኔ ከኮቪድ በፊት ከሌሎች ጋር ተጋርቼ ቆሜ ነበር። ያኔ የተዋወቅኳት አንዲት ገዢ እስካሁን በየበዓሉ ትጽፍልኛለች። ሰው የላከችልኝ ግን ከተዋወቅን በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው።

የጠያቂዋ ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል። እታለም፣ ማንም ሰው ለግማሽ ቀን ጀልባ ብሎ ከጀርመን አይነሳም። የሚገዛው ባህር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ስሜን ተራራን፣ ላሊበላን፣ አክሱምን ነው። አንቺ የያዝሽው የዚያን አንድ ቁራሽ ነው። ቁራሹን ይዘሽ በርሊን ብትቆሚ ገዢው «ሌላውንስ ማን ያደርግልኛል?» ይልሻል። ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ። ባህር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ ያለን ትንንሾች ተሰባስበን አንድ የጉዞ መስመር፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ተጠሪ ብናወጣ ያኔ ጠረጴዛ መያዙ ትርጉም አለው። ወጪውም ይከፋፈላል። ያ እስኪሆን ድረስ ያንቺ ገዢ አዲስ አበባ ነው ያለው። እዚያ ያሉትን አስጎብኚዎች ቢሮ ለቢሮ ሄደሽ አነጋግሪያቸው። እንግዳው የማንን ጀልባ እንደተሳፈረ በፕሮግራሙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

የወደቡ ሰው

ልጄ፣ እኔ ኤግዚቢሽን አላውቅም። ጀልባ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ። ሞተሩን ግዢ።

ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ያረጀ ሞተር ከደቅ ሲመለስ ቢቆምብሽ፣ አቅፈሽ ያመጣሻቸው ሰዎች ናቸው ሐይቁ መሃል የሚያድሩት። እምቦጭ ያለበት ሲገባ ደግሞ አሮጌ ሞተር ወዲያው ይሞቃል። ከሙሽሮቹም ከማኅበርተኞቹም አንድ ሰው ቢጎዳ፣ ወሬው ባህር ዳርን አዳርሶ አዲስ አበባ ይደርሳል። የጀርመኑ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀው ምንድን ነው? ላይፍ ጃኬትና ሞተር ነው። እሱ ራሱ መልሶልሻል።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ እርስዎ የጻፉትን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ብዙ አልተናገረም። ከዚያ ተነስቶ የሞተር ፕሮፎርማ ሊጠይቅ ወጣ።

ስለዚህ የዘንድሮው ገንዘብ ለሞተሩና ለላይፍ ጃኬት ይሆናል። የልጆችም መጠን ያላቸውን ጃኬቶች ጨምረን እንገዛለን፣ ምክንያቱም ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። በርሊን ላይ ስታንድ አንይዝም። ናይሮቢ ወንድሜ እንደ ጎብኚ ይሄዳል፣ እኔ መስከረምን እዚሁ እሠራለሁ። እስከዚያ ቀጠሮ መያዝ የኔ ሥራ ነው።

የተጣራ የዋጋ ዝርዝሩን ዛሬ ጀምሬዋለሁ። ሴት የሚገባባቸውንና የማይገባባቸውን ገዳማት ለይቼ ጻፍኩ። እንጦስ ኢየሱስ፣ ኡራ፣ አዝዋና ናርጋ ለሁሉም፣ ክብራንና ዳጋ ለወንድ ብቻ። የጢስ ዓባይን ውሃም በየወሩ ከፋፍዬ እየጻፍኩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ፍራንክፈርት ያለኸው ወንድሜ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ውሃው ሲሳሳ «አይታይም» ብዬ ልጻፍ ወይስ ለነዚያ ወራት ፏፏቴውን ከፕሮግራሙ አውጥቼ በቦታው የዘጌን የቡና ደን ላስገባ? ገዢ የትኛውን ይመርጣል?

የጎንደሩ ወንድሜ፣ አንተ ያልከው የጋራ መስመር ልቤን ነክቶታል። እዚህ ባህር ዳር እንደኔ ሁለትና ሦስት ጀልባ ያላቸው የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ከፋሲካ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚህ ብንገናኝ ምን ይመስልሃል? ላሊበላ ያለ ሰው ካወቅክ ጋብዘው። ምሳውን እኛ ጋ ነው፣ ዓሣ አለ።

ጎንደር

እመጣለሁ። ላሊበላ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ዛሬ ማታ እደውልላቸዋለሁ። የዋጋ ዝርዝርሽን ይዘሽ ጠብቂን፣ ከሱ ነው የምንጀምረው።

ፍራንክፈርት

አውጪው። የቡና ደኑን አስገቢ። በደረቁ ወራት ሳሳ ያለ ፏፏቴ ካየ ደንበኛ ይልቅ ዘጌ ላይ ጥሩ ጠዋት ያሳለፈ ደንበኛ ነው የሚመለስልን። ከሐምሌ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ግን በትልቁ ጻፊው፣ ፎቶውንም በዚያው ወቅት የተነሳውን ብቻ ተጠቀሚ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ላኪልኝ፣ እኛ ቢሮ በሚያነቡት መንገድ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ።