የ10ኛ ክፍል የቅርጫት ኳስ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አደራጅ) ነው፤ አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ ለመጫወት ከአሁኑ ምን ይሥራ?

ጠያቂ፦ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1.74 ሜትር። ኳስ አያያዙ ደህና ነው፤ ግራ እጁ ግን ደካማ ነው፣ ሲጫኑት ደግሞ ማንጠሩን ያቆምና ግራ ይጋባል። የሚለማመደው ኮንዶሚኒየሙ መሃል ባለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው፤ ሪንግ አለው፣ መስመሩ ግን ጠፍቷል። ሐሳቡ አሜሪካ ኮሌጅ በስኮላርሺፕ መጫወት ነው። ልምምዱንም ወረቀቱንም ከየት ይጀምር? ቁመቱስ ያግደዋል?

መልስ፦ ጋርድ 4

ከሜዳው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። ከሲሚንቶው እስከ ሪንጉ የላይ ጠርዝ 3.05 ሜትር መሆኑን በሜትር ለኩ። ልጆች ሲንጠለጠሉበት ፊቱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ከፊትም ከኋላም ይለካ። ለሦስት ነጥቡ መስመር ሲባጎና ጠመኔ ይበቃል፤ ከሪንጉ መሃል በቱንቢ ወደ መሬት አውርዱ፣ አንድ ልጅ ሲባጎውን እዚያ ነጥብ ላይ ይያዝና በ6.75 ሜትር ዙሩ። ጥግ ላይ ክቡ አይቀጥልም፤ ከጎን መስመሩ 90 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቀጥ ይላል። የአሜሪካ ኮሌጅ ወንዶችም በፈረንጆች ከ2019 ጀምሮ በ6.75 ነው የሚጫወቱት። ኳሱ 7 ቁጥር የጎማ ይሁን፤ ቆዳውን ሲሚንቶ ቶሎ ይልጠዋል።

ለግራ እጁ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይስጥ። ቆሞ ከጉልበት በታች በኃይል ያንጥር፣ ከዚያ ግራው እያነጠረ ቀኙ የቴኒስ ኳስ ወደ ላይ እየወረወረ ይቅለብ። ያን ጊዜ ዓይኑ በግድ ከመሬት ይነሣል። የኤንቢኤው ፖይንት ጋርድ ስቲቭ ናሽ ሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በግቢው ውስጥ የቴኒስ ኳስ እያነጠረ ይዞር ነበር።

ሲጫኑት ማቆሙ ዋናው ችግሩ ነው። ኳሱን ከያዘ በኋላ ተከላካይ ከተጠጋው ያለው 5 ሴኮንድ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ወደ ኋላ ማንጠር ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ፣ ትከሻውን በኳሱና በተከላካዩ መሃል አድርጎ፣ ከዚያ እጅ ቀይሮ መውጣት። አራት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ አንድ ለሁለት አጫውቱት፣ በ8 ሴኮንድ ግማሽ ሜዳውን ይለፍ።

ፒክ ኤንድ ሮል (ጓደኛው የተከላካዩን መንገድ ዘግቶለት ከዚያ ወደ ሪንጉ የሚሮጥበት ጨዋታ) ላይ የዚህ ዕድሜ ጋርዶች የሚበላሹት በመቸኮል ነው። ስክሪን የሚሠራው (መንገድ የሚዘጋው) ልጅ እግሩን ሳይተክል ከሄደ ፋውሉ በጓደኛው ላይ ይነፋል። ይጠብቅ፣ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተሻሽቶ ይለፍ፤ ክፍተት ከተወ ተከላካዩ በዚያ ይሾልካል። ሲያልፍ የሚያየው ስክሪን የሠራውን ልጅ የሚጠብቀውን ተከላካይ ነው። ወደ ኋላ ከቀረ ይወርውር፤ ከወጣበት ወደ ሪንጉ ለሚሮጠው መሬት አስነጥሮ ያቀብል። ጥግ ያለው ተከላካይ ለእርዳታ ከገባ ኳሱ ወደ ጥጉ ነው። ዘሎ አየር ላይ ሆኖ የሚያቀብለውን ሰው መፈለግ ይቅርበት፣ አብዛኛው ኳስ የሚጠፋው እንዲያ ነው።

መልስ፦ ሬጅስትራር

ስለ ወረቀቱ። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የትምህርት ውጤት ቆጠራ የሚጀምረው ከ9ኛ ክፍል ነው። ለዲቪዥን 1 እና 2 (ከሦስቱ የውድድር ደረጃዎች የላይኞቹ ሁለት) የሚጠየቁት 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ናቸው፤ ለዲቪዥን 1 እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2፣ የቀረው ተጨማሪ ነው። የእነዚህ አማካይ ውጤት ለዲቪዥን 1 ከ4 ነጥብ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2 ነው። ስለዚህ የ9ኛ ክፍል ደካማ ውጤት በ12ኛ ክፍል ጥሩ ውጤት አይሠረዝም፣ አብሮ ይደመራል። የኤስኤቲን (የኮሌጅ መግቢያ) ፈተና ኤንሲኤኤ በፈረንጆች 2023 አንሥቶታል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፤ «ዲቪዥን 3 ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትክፈሉት። የሁለት ዓመት ጁኒየር ኮሌጆችን ግን አትናቁ፤ ከእነሱ ወደ ዲቪዥን 1 የሚዛወር ብዙ ነው። ደመወዝ ያለው የክለብ ውል ከመፈረሙ በፊትም ኤንሲኤኤን ጠይቁ፣ ፈርሞ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

መልስ፦ ከኮዬ ፈጬ

ለኮሌጅ አሰልጣኞች የምትልኩትን ቪዲዮ ጉልበት ስጡት። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ ከግማሽ ሜዳ ትይዩ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሁለተኛ ፎቅ ቅረጹ፤ ከመሬት ከተቀረጸ ማን የት እንደቆመ አይለይም፣ የጋርድ ሥራ ደግሞ የሚታየው የሌሎቹ አቋቋም ሲታይ ነው። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይብቃ፣ ሙዚቃ አይግባበት፣ ልጁ በቀስት ይመላከት። ሌይአፕ (ሪንጉ ሥር ገብቶ ማስቆጠር) ብቻ አትደርድሩ፤ ግማሹ ማቀበልና መከላከል ይሁን። ከእሱ ጋር አንድ ሙሉ ጨዋታ ሳይቆረጥ አያይዙ፤ አሰልጣኝ ልጁ ስህተት ከሠራ በኋላ የሚያደርገውን ማየት ይፈልጋል። ናሽን በፈረንጆች 1992 የፈለገው አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ለብዙዎች ላኩ።

ስለ ቁመቱ፦ የኤንቢኤው ጋርድ ማግሲ ቦግስ 1.60 ሜትር ሆኖ በፈረንጆች ከ1983 እስከ 1987 ለዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቷል። ያቆየው ከሙሉ ሜዳ ጀምሮ ኳስ የያዘውን ማስጨነቁ ነው። የናንተም ልጅ ከዚያ ይጀምር።

ጠያቂ፦ ቱሉ ዲምቱ

እግዜር ይስጥልኝ። የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ የትውልድ ቀኑ መስከረም 12 ቀን 2001 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ሬጅስትራር

ያመጣል፣ አሁኑኑ አስተካክሉት። በፈረንጆች ሴፕቴምበር 22 ቀን 2008 ነው። 8 ዓመት ብቻ ደምሮ 2009 የሚጽፍ አለ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ግን ልዩነቱ 7 ነው። ፓስፖርቱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱና ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት መግለጫው) ላይ ቀኑም የአያት ስሙ የእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ ይሁን።