የቀባሁት ሼላክ ነጭ ሆነብኝ፣ ድረሱልኝ!

ባለክሩ፦
በእጄ የሠራሁት ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ቦዲው ማሆጋኒ እንጨት። ዛሬ ጠዋት ሼላክ የሚባለውን የእንጨት ቅብ ሦስተኛ እጅ ቀብቼ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ ክንድ የሚያርፍበት ጥግ ላይ ወተት የተደፋበት ይመስላል። ጣቴን ሳሳርፍበት አሻራዬ ቀረ። ቅዳሜ ልንጫወትበት ቃል ገብቻለሁ። ልላጠው ወይስ ልደርብበት? ቶሎ በሉልኝ!

ፍሬት22፦
እርጥበት ነው። ንጹሕ ጨርቅ አልኮል ነካ አድርገህ ነጩን ስስ አድርገህ ጥረገው፣ ይጠፋል።

ሽማግሌው አናጢ፦
ልጄ፣ በመጀመሪያ በእጅህ ያለውን እወቀው። ሼላክ፣ እኛ ጎማላካ የምንለው፣ ጥቃቅን ነፍሳት የዛፍ ጭማቂ እየመጠጡ ቅርንጫፍ ላይ የሚተዉት ሙጫ ነው፤ በብዛት የሚሰበሰበው ሕንድና ታይላንድ ነው። አልኮል ያሟሟዋል፣ አልኮሉ ሲተን ሙጫው ይቀራል። ስለዚህ አዲሱ እጅ የታችኛውን ነክቶ አሟሙቶ አንድ ይሆናል እንጂ በላዩ አይጋደምም። እንዲህ ስለሆነ ነው የተበላሸ ሼላክ የሚጠገነው። ለ1 ሊትር አልኮል 120 ግራም የደረቀ ሼላክ ፍርፋሪ ስስ ይሆናል፣ 240 ግራም ወፈር ይላል። ጀማሪ በስሱ ይቀባ። የብረት ዕቃ ያጠቁረዋል፣ በብርጭቆ ማሰሮ በጥብጠው። የተበጠበጠበትን ቀን ማሰሮው ላይ ጻፍ፤ ከ6 ወር በላይ የቆየ ከሆነ ጠብታውን መስታወት ላይ አድርቀህ በጥፍርህ ሞክረው። የሚጣበቅ ከሆነ ድፋው።

ሮክ_ወዳድ፦
ሰው ኤሌክትሪክ ጊታር ሼላክ ይቀባል እንዴ? ላብ አይችል፣ አልኮል ጠብ ካለበት ያልቃል፣ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ከተረሳ ይለሰልሳል። ልጠህ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ጠንካራ ቫርኒሽ ቀባው።

ባለክሩ፦
ፖሊዩሬቴኑን ትቼዋለሁ። የማሆጋኒው ደም መሰል ቀለም በሼላክ ውስጥ ሲያበራ አይቻለሁ፤ ሲጫርም በራሴ እጅ እጠግነዋለሁ። የጠየቅሁት ነጩን ነው። አናጢው፣ የበጠበጥኩት ባለፈው ሳምንት ነው፣ አዲስ ፍርፋሪ።

ዜማ፦
ከላይ እንደተባለው አልኮል ነካ አድርገህ ጥረገው። በፀጉር ማድረቂያ ግን አትሞክር፣ አረፋ ይሠራል።

ጥቁር ማሆጋኒ፦
አልኮሉ ስንት ፐርሰንት ነው?

ባለክሩ፦
99። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እጆች እንደ መስታወት ነበሩ እኮ።

ጥቁር ማሆጋኒ፦
ታዲያ በሦስተኛው ምን ተለወጠ?

ባለክሩ፦
ምንም። ማሰሮው ወፍሮብኝ ስለነበር ጠዋት ትንሽ አልኮል ጨመርኩበት ብቻ። 99ኙ አልቆ ነበር፣ የቁስል ማጽጃውን ጨመርኩ። አልኮል ያው አልኮል ነው ብዬ።

ጥቁር ማሆጋኒ፦
ተገኘ! የቁስል ማጽጃው አብዛኛውን ጊዜ 70 ፐርሰንት ነው፣ የቀረው ውሃ። አልኮሉ ቀድሞ ሲተን ውሃው ሙጫው ውስጥ ይቀራል፣ ነጩ እሱ ነው። የማይጠነክርልህም ለዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ «በአልኮል ጥረገው» የሚሉህ ትክክል ናቸው፣ ግን በዚያው 70 ከጠረግኸው ይብስበታል። ማሰሮውን ድፋው፣ አታድነውም። 95 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ፈልግ። ጨርቁን እርጥብ ብቻ አድርግ፣ እንዳይንጠባጠብ፤ እጅህን አንድ ቦታ ላይ ሳታቆም ጥረግ። ከቆምክ ጨርቁ ይጣበቅና የታችኛውን ይነቅለዋል። ነጩ ከጠፋ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ከዚያ አዲስ በጥብጠህ በስሱ ደርብ። ዝናብ ሲዘንብ አትቀባ።

ሮክ_ወዳድ፦
እሺ፣ የጥገናውን ነገር አምኛለሁ። ላቡን ግን አላመንኩም።

ሽማግሌው አናጢ፦
ቅዳሜን ተወው ልጄ። ሲነኩት ይደርቅና ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፤ የማንጠልጠያው ቀበቶና የክንድህ ሙቀት ያትሙበታል። ቢያንስ ሳምንት ስጠው። አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳም በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ ቀባ፤ እዚያ ሼላክ ከተጠራቀመ አንገቱ ልክ አይቀመጥም።

ባለክሩ፦
ጎድጓዳውን ቀብቼዋለሁ 😳 አልኮሉን ላፈላልግ ወጣሁ።

ፍሬት22፦
ጎድጓዳውን በዚያው አልኮል አጥበህ አውጣው፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፤ ልኩ ይጠፋብሃል።

ዜማ፦
ባለክሩ፣ ነጩ ለቀቀልህ?