ከእርግዝና ግፊት በኋላ ልቤን ማን ይከታተልልኝ?

እህቶቼ፣ በዚህ ያለፋችሁ ወይም የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። በመጀመሪያ እርግዝናዬ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም ይዞኝ ነበር። ግፊቴ 160/110 ገባ፣ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን ታየ፣ ራስ ምታቱና የዓይን ብዥታው አልለቅ ሲለኝ ቀኔ ሳይደርስ አዋለዱኝ። ልጄ ተመስገን ደህና ናት። ግፊቴም ቀስ በቀስ ወረደ፣ መድኃኒቱ ቆመ፣ "በቃ አልፏል" ተባልኩ።

ግን እኮ አላለፈም! ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት ሴት ወደፊት በልብ በሽታና በስትሮክ የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ፣ ቀን ሳይደርስ መውለድ ሲጨመርበት ደግሞ እንደሚብስ የሰማሁት በቅርቡ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሴቶች ባወጣው መመሪያ ከአጋላጭ ምክንያቶች ውስጥ አካቶታል። ታዲያ ስወጣ አንድ ሰው እንኳ ለምን አልነገረኝም? ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አሁን መሄጃው ጠፋኝ። የማህፀን ሐኪሟ ወደ ጠቅላላ ሐኪም ትመራኛለች፣ እሱ ደግሞ ግፊቴን ለክቶ "ደህና ነሽ፣ ገና ወጣት ነሽ" ብሎ ይሸኘኛል፤ ስለ እርግዝናዬ አንድም ጥያቄ የለም።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ኩላሊት በየስንት ጊዜው ትመረመራላችሁ? ምንም ሳያመኝ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል? ሁለተኛ ልጅም እፈልጋለሁ፣ ሕመሙ እንዳይደገም አስፒሪን በትንሽ መጠን እንደሚታዘዝ ሰምቻለሁ፤ የወሰዳችሁ ካላችሁ ከስንተኛው ሳምንት አስጀመሯችሁ? ደግሞስ ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ ነገሩን ከቁም ነገር እንዲቆጥረው ምን ብዬ ልጀምር?