የወላጅ ክላስ ኮንስትራክተር የልጁን ቨርችዋል ፈንክሽን ለምን አይጠራም? (ሲ ፕላስ ፕላስ)

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የጣና ሐይቅንና ወደ ሐይቁ የሚገቡትን የጉማራንና የርብን ወንዞች የውኃ ከፍታ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ እየጻፍኩ ነው። «ጣቢያ» የተባለው ወላጅ ክላስ በኮንስትራክተሩ (ኦብጀክት ሲፈጠር በሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ «መነሻ ከፍታ» የሚባል ቨርችዋል ፈንክሽን (ልጅ ክላስ በራሱ ሊተካው የሚችል) ጠርቶ ውጤቱን ያስቀምጣል። የወላጁ ፈንክሽን 0 ይመልሳል፤ «የሐይቅ ጣቢያ» የተባለው ልጅ ክላስ ግን ኦቨራይድ አድርጎ (በራሱ ተክቶ) ለሙከራ ያህል 1,784 ሜትር ይመልሳል። ሆኖም የሐይቅ ጣቢያ ኦብጀክት ስፈጥር የሚቀመጠው 0 ነው። ያንኑ ፈንክሽን ኦብጀክቱ ከተፈጠረ በኋላ ስጠራው 1,784 ይሰጠኛል። ኮምፓይለሩም ምንም ማስጠንቀቂያ አላወጣም። ጃቫ ላይ የልጁ ፈንክሽን እንደሚጠራ አውቃለሁና ይህ የኮምፓይለሩ ችግር ነው ወይስ የቋንቋው ሕግ?

ግዮን

የቋንቋው ሕግ ነው። ኦብጀክት ሲፈጠር መጀመሪያ የወላጁ ክፍል፣ ቀጥሎ የልጁ ሜምበሮች (በውስጡ ያሉት ተለዋዋጮች)፣ በመጨረሻም የልጁ ኮንስትራክተር አካል ይሠራል። የወላጁ ኮንስትራክተር እየሠራ ባለበት ሰዓት የልጁ ሜምበሮች ገና አልተፈጠሩም፤ ስለዚህ የልጁ ፈንክሽን ቢጠራ ኖሮ ያልተዘጋጀ ማኅደረ ትውስታ ያነብ ነበር። ቋንቋው ይህን ለመከላከል ሲል በዚያ ቅጽበት ኦብጀክቱን እንደ «ጣቢያ» ብቻ ይቆጥረዋል። በተለመዱት ኮምፓይለሮች ዘንድ የትኛው ፈንክሽን እንደሚጠራ የሚወስነው የቨርችዋል ሠንጠረዥ ጠቋሚ በቅድሚያ የወላጁን ሠንጠረዥ ያመለክታል፤ ወደ ልጁ የሚዞረው የወላጁ ኮንስትራክተር ካበቃ በኋላ ነው። ጃቫ የልጁን ይጠራል፤ ነገር ግን ፈንክሽኑ ገና ዋጋ ያልተሰጠውን ፊልድ 0 ወይም ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ስለሚችል፣ እኔ የሲ ፕላስ ፕላስን ምርጫ የተሻለ ጥንቃቄ አድርጌ አየዋለሁ።

ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እናመሰግናለን። እንግዲያው ከፍታውን በልጁ ሜምበር አስቀምጬ ያንን ለወላጁ ኮንስትራክተር ባስተላልፍስ?

ዘጌ

እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። ግዮን እንደገለጹት የልጁ ሜምበር የሚፈጠረው ከወላጁ በኋላ ነው፤ በልጁ ኮንስትራክተር የማስጀመሪያ ዝርዝር ላይ አስቀድመው ቢጽፉትም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ የሚያስተላልፉትም ትርጉም የሌለው ቁጥር ሊሆን ይችላል። «ጣቢያ» ከፍታውን በኮንስትራክተሩ ፓራሜትር ይቀበል፤ «የሐይቅ ጣቢያ» ደግሞ ቁጥሩን በቀጥታ ወይም ከስታቲክ ፈንክሽን ወስዶ ያስተላልፍለት። ስታቲክ ፈንክሽን ኦብጀክቱን ስለማይነካ ምንም ስጋት የለውም። የመለኪያ መሣሪያውን እንደ መክፈት ያለ፣ የተሟላ ኦብጀክት የሚፈልግ ሥራ ካለ ግን ኦብጀክቱን ፈጥሮ ከጨረሰ በኋላ ዝግጅቱን የሚጠራ ለብቻው የቆመ ፈንክሽን ይጻፉ።

ግዮን

አንድ ነገር ልጨምር። «መነሻ ከፍታ» በወላጁ ላይ አካል ሳይኖረው የታወጀ ንጹሕ ቨርችዋል (ሥራው ለልጁ የተተወ) ቢሆን ኖሮ፣ በኮንስትራክተሩ ውስጥ መጥራቱ ውጤቱ ያልተወሰነ ስለሆነ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሊቋረጥ ይችላል። በዲስትራክተርም (ኦብጀክቱ ሲፈርስ በሚሠራው ፈንክሽን) ሕጉ ያው ነው፦ የወላጁ ዲስትራክተር ሲሠራ የልጁ ክፍል አስቀድሞ ፈርሷል፤ ስለዚህ የመዝገብ ፋይሉን የሚዘጋ ቨርችዋል ፈንክሽን እዚያ የሚጠሩ ከሆነ የልጁ አይጠራም።