ወንበሩ ለሴት ቢመደብስ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በምክር ቤትም በመሥሪያ ቤትም የአመራር ቦታ ለሴቶች በኮታ ይያዝ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚዛን፦ አይያዝ። ወንበር ለሚችል ሰው ነው። በኮታ የገባች ሴት ጎበዝ ብትሆንም «በኮታ የመጣችው» እየተባለች ትኖራለች።

የማታ ወፍ፦ ወንድሜ፣ ወንዱስ ሁሉ በችሎታው ነው የተቀመጠው? በትውውቅ ለገባው እንዲህ ብሎ ስም የሚያወጣለት የለም።

ሚዛን፦ እህትሽ ነኝ እንጂ ወንድምሽስ አይደለሁም። የክፍል ኃላፊ ነኝ። ነገሩ የሚያመኝም ለዚህ ነው።

የማታ ወፍ፦ ውይ፣ ይቅርታ እህቴ! ግን ሩዋንዳን እዪ። የ2003ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች ቢያንስ 30 በመቶ አለ። በ2008 ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ ሴቶች ሆኑ። ኮታው መነሻ ብቻ ነበር።

ቆጣሪው፦ ወንበር መቁጠር ቀላል ነው። ሥልጣኑ ፕሬዚዳንቱ ጋ ከሆነ ወንበሩ ምን ያደርጋል? ኖርዌይም በ2003 ሕግ አወጣች። የትልልቅ አክሲዮን ማኅበራት ቦርድ 40 በመቶ ሴት ይሁን፣ አለዚያ ድርጅቱ እስከ መፍረስ ይደርሳል ተባለ። ቦርዱ ሞላ። ዋና ሥራ አስኪያጆቹ ግን አሁንም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ብዙ ቦርድ ላይ የሚቀመጡትን ጥቂት ሴቶች ደግሞ «ወርቃማ ቀሚሶች» አሏቸው። ስድብ ይሁን ሙገሳ እንጃ።

ሚዛን፦ ይኸው! አልኩ አይደል?

የማታ ወፍ፦ ቆይ እንጂ። ህንድ በ1993 ከመንደር ምክር ቤት መቀመጫም ከሊቀመንበርነትም አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች አደረገች። እውነት ነው፣ በየቦታው ሚስት ተመርጣ ባል ስብሰባ ይገባ ነበር። ቢሆንም ተመራማሪዎች የህንዷን ግዛት ዌስት ቤንጋልን ሲያዩ፣ ሴት የምትመራቸው መንደሮች ለመጠጥ ውሃ የበለጠ ሠርተዋል። ውሃ የሚቀዳ ሰው የት እንደጎደለ ያውቃላ! የሊቀመንበርነቱ ኮታ በተራ እየዞረ ሁለት ጊዜ በደረሳቸው መንደሮች ደግሞ፣ ከተነሣ በኋላም ሴቶች ተወዳድረው ማሸነፍ በዝቶላቸዋል። ሰዉ አይቶ ለመደ።

ቆጣሪው፦ ይሄኛው ጥሩ ነው። ግን መሥሪያ ቤት ላይ መራጭ የለም። አለቃ ነው የሚሾመው።

የማታ ወፍ፦ አለቃ ደግሞ የሚሾመው ሥራውን ያየለትን ሰው ነው። ሚዛን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ክፍልሽ ስብሰባ ሲቀመጥ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው?

ሚዛን፦ ... ከእኔ ሌላ ያለችው ሴት። ጽሑፏ ያምራል ብዬ ነበር። እሺ፣ ከሰኞ ጀምሮ በተራ ይሆናል። ኮታውን ግን አልተቀበልኩም።