ወርድ ላይ ከላይ ያሉትን በተኖች እንደራሴ ማስተካከል ፈልጌ ነበር

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ስር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ስራው ያው ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ ነው፣ ደምበኛ ፊቴ ቆሞ "አልደረሰም?" እያለኝ እኔ ፎቶ ለማስገባት ኢንሰርት፣ ማርጂን ለማስተካከል ሌይአውት ስል እውላለሁ። ወርዱ 2016 ነው (የፈረንጁን ነው 😀)። ኩዊክ አክሰስ (ከላይ በግራ ጥግ ያለችው ትንሿ የበተን መስመር) ላይ ፕሪንት ፕሪቪውን ጨምሬው ነበር ግን አንዱ ፋይል ላይ ይታያል ሌላው ላይ የለም። ከሰዓት የሚሰራው ልጅ ደግሞ ሁሉንም ይነካካዋል፣ ጠዋት ስከፍት ሪበኑ (ከላይ በተኖቹ የተደረደሩበት ሰፊው መስመር) ተሰብስቦ የታቦቹ ስም (ሆም፣ ኢንሰርት የሚለው) ብቻ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

ከለገጣፎ፦
የተሰበሰበው ቀላል ነው፣ ኮንትሮልና ኤፍ 1 አንድ ላይ ስትጫኚ ይመለሳል። አንዱ ፋይል ላይ ብቻ የሚታየው ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር ስትገቢ በቀኝ በኩል ከላይ የምትመረጥ ሳጥን አለች፣ እዛ ላይ "ፎር ኦል ዶክመንትስ" መሆን ሲገባው የዛ ፋይል ስም ተመርጦ ነው።
ሪበኑን ራሱን ግን ባትነካኪው ይሻልሻል እህቴ። ወርድ 2007 ላይ ሲመጣ ከኦፕሽንስ አይነካም ነበር፣ ከ2010 ወዲህ ተፈቀደ፣ ቢሆንም የነበረው ታብ ላይ አንድ በተን ለመጨመር መጀመሪያ ኒው ግሩፕ ፍጠሪ ይልሻል፣ ለምን ትለፊ? የምትፈልጊው በተን ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ "አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር" በያት አለቀ። በተኗን ካጣሻት ኦፕሽንስ ውስጥ "ኦል ኮማንድስ" የሚለውን መርጠሽ ፈልጊ፣ በፊደል ተራ ነው የተደረደረው። ከዛ አልትን ስትጫኚ በየበተኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ፎቶ ማስገቢያዋን አንደኛ ካደረግሻት አልትና 1 ነች፣ ማውስ አያስፈልግሽም። ብቻ እንዳታበዢው፣ ሃያ በተን ከደረደርሽ ተመልሰሽ ፍለጋ ነው።

ከአያት፦
ለልጁ ሌላ የዊንዶውስ ዩዘር ክፈቺለት። ማስተካከያው የሚቀመጠው በየዩዘሩ ስለሆነ እሱ የፈለገውን ቢያደርግ ያንቺን አይነካም። ልጁንም አትቆጪው።

ከሱሉልታ፦
እኔ ወርድን ትቼዋለሁ፣ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ሌላ የመጻፊያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ቱልስ ውስጥ ከስተማይዝ ስትይ ሜኑውም ቱልባሩም ኪቦርዱም እንደፈለግሽ ይቀየራል፣ ሜኑውን በአማርኛ ማድረግም ትችያለሽ።

ከለገጣፎ፦
@ከሱሉልታ ለቤት ጥሩ ነው ግን ጽሕፈት ቤት ላይ ሰው በፍላሽ የሚያመጣው የወርድ ፋይል ነው፣ እዛ ስትከፍተው ሰንጠረዡ ሊዛባ ይችላል፣ ደምበኛው አንተን ነው የሚያየው።

የቱሉ ዲምቷ፦
ተባረኩ፣ ኦል ዶክመንትስ ሳደርገው ሁሉም ላይ መጣ! ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገስ እንደገና ልደረድር ነው?

ከለገጣፎ፦
አይ፣ እዛው ኦፕሽንስ ውስጥ ከታች "ኢምፖርት/ኤክስፖርት" አለ፣ ኤክስፖርት አድርገሽ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አስቀምጪው፣ ሲያስፈልግሽ ኢምፖርት። ኢምፖርት ስታደርጊ እዛ የነበረውን አጥፍቶ ነው የሚተካው፣ ስለዚህ በልጁ ዩዘር ገብተሽ እንዳታደርጊው 😂